በጅቡቲ ሐሩር የሚደክም በረኪና

በሐምሌ ወር የጅቡቲ ከተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በዚያ ሐሩር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ የመጠጥ ውሃ ማከሚያ በረኪና ጀሪካኑ ሳይከፈትም ይደክማል። ሽታው አይጠፋም፤ ጀርም ገዳዩ ሃይፖክሎራይት ግን ቀስ በቀስ እየፈረሰ ከፊሉ ወደ ተራ ጨው፣ ከፊሉ ክሎሬት ወደሚባል ውህድ ይለወጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ለውጥ ሦስትና አራት እጥፍ ይፈጥናል።

ክሎሬት በአይጦች ላይ ሲሞከር የታይሮይድ ዕጢን እንደሚያውክ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ0.7 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ወሰኑን መሻገር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ኃይሉ በግማሽ የወረደ በረኪና በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲሰጥ ሲለካ፣ አብሮት የሚገባው ክሎሬት 0.8 ሚሊ ግራም ሊጠጋ ይችላል። ባለሙያው የደከመውን ለማካካስ አብዝቶ ሲጨምር ክሎሬቱንም ያበዛል።

ጅቡቲ ሌላም ጣጣ አለባት፤ ጨው። ከተማዋ ለብዙ ዘመን የኖረችው በባዛልት ዓለት ውስጥ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው፤ ባሕሩም እየሰረገ ጨዋማ አድርጓቸዋል። ዛሬ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከአዲጋላ አካባቢ በቻይና ብድር የተዘረጋ 102 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ውሃ ያመጣላታል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በዶራሌ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተመርቋል፤ አቅሙ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ነው።

የባሕር ጨው ብሮማይድ ይዞ ይገባል። ክሎሪን ሲያገኘው ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰው ብሮሚን ውሃ ውስጥ ካለው የዕፅዋት ብስባሽ ጋር ተዋህዶ ብሮሞፎርም ይፈጥራል። ሆላንዳዊው ኬሚስት ዮሃነስ ሮክ በ1974 እ.ኤ.አ. ክሎሪን በገባበት የሮተርዳም ውሃ ውስጥ ብሮሞፎርምንና መሰል ውህዶችን አሳይቷል። የብሮሞፎርም ወሰን በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ሦስት ዓይነት ምንጭ በምትጠቀም ከተማ ውስጥ መጠኑ እንደ ድብልቁ ይለያያልና፣ ከማጣሪያው በር ላይ ብቻ የተቀዳ ናሙና ባልባላ በተባለው የከተማዋ ሰፈር ቧንቧ ውስጥ ያለውን አይናገርም።

ለክሎሪን ፍተሻ ናሙናው ውስጥ የሚጨመረውና ውሃውን ሮዝ የሚያደርገው ኪኒን የሚለካው የቀረውን ክሎሪን ብቻ ነው። ክሎሬትን ለማየት አዮን ክሮማቶግራፍ፣ ብሮሞፎርምን ለማየት ጋዝ ክሮማቶግራፍ ያስፈልጋል። የብሮሞፎርሙ ናሙና የአየር አረፋ ሳይቀርበት እስከ አፉ ይሞላል፤ በመንገድ ላይ አዲስ ውህድ እንዳይፈጠርም ክሎሪኑን የሚያጠፋ ታዮሰልፌት ይጨመርበታል።

ይህ ሁሉ ክሎሪንን ለማስጠላት አይደለም። ኮሌራ ሰውን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለእነዚህ ውህዶች ሲባል ጀርም ማጥፋቱ እንዳይጓደል በግልጽ ያሳስባል። ኢትዮጵያ ውስጥ «ውሃ አጋር» የተባለው የክሎሪን ውሃ ማከሚያ ስንቱን ቤተሰብ ከተቅማጥ ጠብቋል! ክሎሪኑ ይግባ፤ ትኩስ ይሁን፤ ይለካም።

ስለዚህ የጅቡቲ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ኦኔአድ የክሎሬትና የብሮሞፎርም ልኬትን በየሰፈሩ ለይቶ ለሕዝብ ያውጣ። ነጋዴውም የተመረተበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ ይጻፍ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በረኪናህን በትንሽ በትንሹ ግዛ፤ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ፤ ከርሞ የቆየውን ለወለል ማጽጃ እንጂ ለመጠጥ ውሃ አትጠቀምበት።