«ምንም ያልተነካች» ቪትዝ

ባለፈው ዓመት የምገዛት ቪትዝ ስፈልግ ያነበብኳቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ አንድ ደላላ የጻፋቸው ይመስሉ ነበር። «ምንም ያልተነካች»፣ «ቦዲዋ ኦሪጅናል»፣ «ገዝቶ መንዳት ብቻ»፣ «የሴት ይዞታ»። የገዛኋትም እንዲሁ ተብላ ነው የተሸጠችልኝ። («የሴት ይዞታ» የሚለው ያኔ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ አሁን ግን ሆኗል።)

ርካሽ መኪና ነበር የፈለግኩት። ካየኋቸው ሁሉ ዝቅ ያለ ዋጋ የተጠራላትን መርጬም ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ከፍያለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች፣ ሞተሯ 997 ሲሲ የሆነ፣ አራት ሰው በግድ የምትይዝ ትንሽዬ መኪና። የገንዘቡ ግማሽ እናቴ በሱቋ ለዓመታት የጣለችው እቁብ ነው። ስትሰጠኝ ያለችኝን አልረሳውም፦ «ባንክ ተቀምጦ ከሚያልቅ መኪናዋ ላይ ይቀመጥልኝ። ብቻ ኦሪጅናሏን እንዳታስነኪያት።»

እማዬ ኢኮኖሚክስ አልተማረችም፤ ስሌቷ ግን ትክክል ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደረገ፤ በ2014 የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ቁጭ ብሎ ሲከስር፣ ቪትዝ ገዝቶ ሸራ ያለበሳት ጎረቤቱ ቁጭ ብሎ አተረፈ። ቀድሞ ነገር ቪትዝ እዚህ አገር የበዛችው ያለምክንያት አይደለም። በድሮው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ እስከ 1,300 ሲሲ ያለ መኪና 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ያለው 60 በመቶ፣ ከ1,800 የበለጠው 100 በመቶ ነበር የሚከፍለው። የቪትዝ ትንሹ ሞተር 997፣ ቀጥሎ ያለው 1,298 ሲሲ ነው። በሁለት ሲሲ አመለጠች ማለት ነው! ከዚያ በ2012 የወጣው ሕግ ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱን እንደ ዕድሜው እያከበደ ጣለ። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አዲስ የሚገባው ሲቆም ቀድሞ የገባው ይወደዳል፤ ይኼን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

እንግዲህ ቪትዝ የቁጠባ ደብተር ከሆነች፣ መፍቻ ያረፈባት ሁሉ ደብተሩ ላይ የተሰረዘ ያህል ነው የሚቆጠረው። ገዢው «ተነክታለች» ይልና ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ወይ አይነካም፣ ወይ ነክቶ ይደብቃል። እኔም ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሞተር ዘይትና የፍሬን ሸራ ከመቀየር በቀር ምንም አላስነካሁም።

አንድ ማታ ከጀሞ ስመለስ ነው ነገሩ የተጀመረው። ከፊት ለፊት የሚመጡት በሙሉ መብራት እያበሩ እያጠፉ ይሰድቡኛል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጎኔ ሲደርስ ቀንሶ «ረጅም መብራትሽን አጥፊው እንጂ!» ብሎኝ አለፈ። ያበራሁት ግን አጭሩን ነበር። ግራ ተጋብቼ የእነሱን መብራት ሳይ፣ በቀኝ በኩል በአስፋልቱ ጠርዝ ጆንያ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ልደርስበት ትንሽ ሲቀረኝ ነው ያየሁት። እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ቤት ደርሼ ግቢ ውስጥ ብዙ ቆየሁ፣ ከመኪናዋም አልወረድኩም።

በነጋታው መካኒኬ መኪናዋን ጨለም ባለው የጋራዥ ጥግ ከግድግዳ ፊት አቁሞ አጭር መብራቱን አበራው። ብርሃኑ በቀኝ በኩል ዝቅ፣ በግራ በኩል ደግሞ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ነገሩ ቀላል ነው። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ጃፓኖች በግራ ስለሚነዱ አጭር መብራታቸው ግራውን የመንገድ ዳር እንዲያሳይ ሆኖ ይሠራል፤ እግረኛው ያለው እዚያ ነዋ። (እኛም እስከ 1956 ድረስ በግራ ነበር የምንነዳው።) ይህችው መኪና መሪዋ ወደ ግራ ተዛውሮ አዲስ አበባ ስትገባ ግን ያ ብርሃን በቀጥታ ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ያርፋል፤ እግረኛው ያለበት ቀኝ ጠርዝ ደግሞ ይጨልማል። በዚህ ከተማ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

«ቆይ፣ ምንም አልተነካችም ብለውኝ እኮ ነው» አልኩት።

ሳቀብኝ። «እህቴ፣ መሪዋን ከቀኝ ነቅለው ግራ የተከሏትን መኪና ነው ያልተነካች የምትይኝ?»

እውነቱን ነው። ቪትዝ ሆና ቀኝ መሪ ይዛ ያልተሠራች የለችም። ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ሲያልፉ ነው መሪያቸው የተዛወረው። ፍጥነት ማሳያው መሀል ላይ ስለሆነ ከውስጥ ስታዩት ብዙም አያስታውቅም። የኔዋ ሌላም ጉድ ነበራት። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ ምልክት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። የኔ ጨርሶ አይበራም ነበር፤ እኔ ደግሞ አለመብራቱን እንደ ጤንነት ቆጥሬው ነበር። መካኒኩ ሲከፍተው የምልክቱ አምፖል ተነቅሏል፤ መሪው መሀል ያለው ክዳን ሥርም ኤርባግ የለም፣ ባዶ ነው። ሻጩ ያውቅ እንደነበር ማረጋገጥ አልችልም፤ ከእሱ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች ማን ያውቃል።

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1970 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፋትን አጭር ጥናት ሦስተኛ ዓመት ላይ ተምረናታል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ስለማያውቅ ገዢው ለጥሩውም ለመጥፎውም አማካይ ዋጋ ብቻ ያቀርባል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያ ይወጣል፣ መጥፎው ይቀራል። (አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን መኪና «ሎሚ» ይሉታል፤ ክፍል ውስጥ ሎሚና መኪና ምን አገናኛቸው ብለን ብዙ ስቀናል።) ለዚህ ሥራው በ2001 ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። የእኛ ገበያ ላይ ግን እኔ የምጨምረው አለኝ። መብራቱን ባስተካክል የሚጠቀመው ጆንያ የተሸከመው ሰውዬና የሚኒባሱ ሹፌር ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መኪናዬን አይገዙም። የሚገዛኝ ሰው የሚከፍለው ለቀለሙና «ያልተነካች» ለሚለው ቃል ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ብቻ የሚያሰላ ሰው የሌላውን ዓይን እያጠፋ ቢነዳ ይሻለዋል ማለት ነው።

ይኼን ገበያው ብቻውን ያስተካክለዋል ብዬ አላምንም። እኔ ለቦሎ ምርመራ ሳቀርባት መብራቱ መብራቱ ታየ እንጂ ብርሃኑ የት እንደሚወድቅ የጠየቀኝ አልነበረም። ለዚህ ደግሞ አንድ ግድግዳና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይበቃል። በነዳጅ የሚሠራ አዲስ መኪና አይገባም ከተባለ እነዚህ ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፤ ቢያንስ ዓይናቸውን እናቅናላቸው።

መኪና ማሳመር የሚወዱ ልጆች እንዳይቀየሙኝ። ጓደኛዬ የእሱን ቪትዝ ሰፊ ቸርኬ አስገብቶላት፣ ከሾኩ ላይ ስፔሰር አስጨምሮ አስነስቷታል፤ የጭስ ማውጫዋ ድምፅ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። በኮብልስቶኑና በየጉብታው ሆዷ መሬት እየነካ ለተማረረ ሰው ማስነሳቱ ይገባኛል፤ ሲበዛ ግን ኩርባ ላይ እንደምትወዛወዝ ራሱ ይመሰክራል። እኔ ለሁለቱ የፊት መብራት ያወጣሁት እሱ ለቸርኬ ካወጣው ሩቡን አይሞላም። መካኒኬ ለግራ መሪ ከተሠራ ያሪስ የወጣ ጥንድ መብራት ከሶማሌ ተራ አግኝቶ ገጠመልኝ፤ እዚያው ግድግዳ ፊት አቁመን አስተካከልነው። ሾኮቹንም ስላለቁ ቀየርኩ። ኤርባጉ ግን እንደ ባዶ ነው። ታማኝ ዕቃ የሚሸጥልኝና በትክክል የሚገጥምልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ያለችኝ ቀበቶ ብቻ ናት።

የከበደኝ ለእማዬ መንገሩ ነበር። ብሩ የእሷ ነው። መጀመሪያ ዝም አለችኝ፤ ከዚያ «ስንት ቀነሰ?» አለች። ገዢ ከመጣ ሊቀንስብን እንደሚችል ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ስለ ጆንያው ሰውዬም ነገርኳት። «እግዜር አወጣሽ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

የወለቁትን መብራቶች ልጥላቸው ስል ግን ከለከለችኝ። በፌስታል ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀምጣቸዋለች። «ስትሸጫት ትመልሻቸዋለሽ» ትለኛለች። እስካሁን እየተከራከርን ነው።