የሚያስቀን ገንዘቡ ነው ወይስ ሰው?

ድንገት ስለ በለጸጉ ሰዎች የተሠሩትን የቀድሞ አስቂኝ ፊልሞች በተመለከተ በወላጆችና በተማሪዎች መካከል ክርክር ይነሣል። ወላጆች «እንዲህ ያለው ፊልም ሳይሠሩ መክበርን ያስመኛል» ይላሉ። ተማሪዎች ደግሞ «የምናየው ለሣቅ ያህል ብቻ ነው» ብለው ይመልሳሉ። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም ወገኖች የፊልሞቹን ቁም ነገር አላገኙትም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ይበልጥ የሚያስቀው ገንዘብ ያገኘው ሰው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ምስክሬ በ1954 የወጣው «የሚሊዮን ፓውንድ ኖት» የተባለው የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ታሪኩ ማርክ ትዌይን በ1893 ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ ዋናውን ሰው ሆኖ የሠራው ግሪጎሪ ፔክ ነው። ሁለት ባለጸጋ ወንድማማቾች ይወራረዱና፣ በለንደን ከተማ ቤሳ ቤስቲን ለሌለው አንድ አሜሪካዊ የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ኖት ይሰጡታል። ኖቱን የሚመነዝርለት ባለሱቅ የለም። ሆኖም ያየው ሁሉ እጅ ይነሣዋል፤ ምግቡም ልብሱም በዱቤ ይቀርብለታል። ኖቱ ተደብቆ «የለውም» የሚል ወሬ በተነዛ ጊዜ ግን ያመኑት ሰዎች መጥተው ይጮኹበታል። ሰውየው በሁለቱም ጊዜ ያው ሰው ነበር፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ ፍራንክ ካፕራ በ1936 ያዘጋጀው «ሚስተር ዲድስ ወደ ከተማ ሄደ» የተባለው ፊልም ነው። ጋሪ ኩፐር በሚሠራበት በዚህ ፊልም የአንዲት ትንሽ ከተማ ነዋሪ 20 ሚሊዮን ዶላር ይወርሳል። ዘመኑ አሜሪካ በሥራ ማጣት የተጎዳችበት ነበርና፣ ሰውየው ሀብቱን መሬታቸውን ላጡ ገበሬዎች ለማዋል ይነሣል። ወዲያው «አእምሮው ተነክቷል» ተብሎ ፍርድ ፊት ይቀርባል። ገንዘብ የሚሰበስብ ጤነኛ፣ የሚያካፍል እብድ መባሉ በመጀመሪያ ያስቃል፤ ቆይቶ ግን ያሳስባል።

ይሁን እንጂ ወላጆች ጨርሶ ተሳስተዋል አልልም። በ1983 የወጣው «ትሬዲንግ ፕሌስስ» በአንድ ዶላር ውርርድ የሁለት ሰዎችን ኑሮ ያዘበራረቁ ባለጸጎችን አጥብቆ ይነቅፋል። በመጨረሻው ግን ተበዳዮቹ ራሳቸው በብርቱካን ጭማቂ ገበያ በአንድ ቀን ይከብራሉ። ተመልካቹም ነቀፌታውን ረስቶ ሀብቱን እየተመኘ ይወጣል።

ስለዚህ ከሁሉ የማስበልጠው ቻርሊ ቻፕሊን በ1931 ያወጣውን «የከተማ መብራቶች» ነው። በዚህ ፊልም አንድ ሚሊየነር በሰከረ ጊዜ ድሀውን ቻርሊን እንደ ወዳጅ ያቅፈዋል፤ ስካሩ ሲበርድለት ግን አላውቀውም ብሎ ያስወጣዋል። ዓይነ ስውር የሆነች አበባ ሻጭም ቻርሊ ሀብታም ይመስላታል። እርሱም ሚሊየነሩ ሰክሮ የሰጠውን ገንዘብ ዓይንዋን እንድትታከምበት ይሰጣታል፤ በዚሁም ገንዘብ ምክንያት «ሰርቀሃል» ተብሎ ይታሰራል። ዓይንዋ ከበራ በኋላ ለይታ የምታውቀው ልብሱን አይታ አይደለም፤ እጁን ስትዳስስ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ቻርሊ አልከበረም፤ ነገር ግን ሰውነቱ ታወቀለት።

ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ! «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አዲስ ጫማ ላደረገው ጓደኛችን መቀመጫ እየለቀቅን፣ ያረጀ ዩኒፎርም የለበሰውን ስሙን እንኳ የማንጠይቀው ከሆነ፣ ለኖት እጅ ሲነሡ የሣቅንባቸው ሰዎች እኛው ነን። ወላጆችም ፊልሙን ከመከልከል ይልቅ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ቢያዩትና «እኛ በዚያ ቦታ ብንሆን ማንን እናከብር ነበር?» ብለው ቢጠይቁ የበለጠ ይጠቅማል እላለሁ።