ምሰሶን ከምስጥ ስለ መጠበቅ

የምስጥ ክፋቱ ከመሬት በታች መጥቶ እንጨቱን ከውስጥ መብላቱ ነው። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ምሰሶው ባዶ ቅርፊት ከሆነ በኋላ ነው። በምዕራብ ወለጋ የሚኖሩ ቤተሰቦች ማሳቸውንም የግጦሽ ሣራቸውንም ጎጆአቸውንም ስለ በላባቸው ይህን አሳምረው ያውቁታል።

ሠራተኛው ምስጥ ዕውር ነው፤ ቆዳውም ስስ ስለ ሆነ ፀሐይና ደረቅ አየር ይጎዱታል። ስለዚህ ወደ እንጨቱ ሲሻገር በጭቃ የተሸፈነ መንገድ ይሠራል፤ አቅጣጫውንም የሚለየው በማሽተት ነው። ዕፅዋት የሚረዱን በዚህ በኩል ነው።

አባቶቻችን ጥድን ለምሰሶ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በቀዩ የእንጨቱ ልብ ውስጥ ሴድሮል የሚባል ነገር ያለበት ዘይት ስላለ ምስጥ ይሸሸዋል። ነጩን የውጭ ክፍል ግን ያለ ችግር ይበላዋል። ቀጭን ጥድ አብዛኛው ነጭ ነውና፥ የሚገዛ ሰው ስሙን ሰምቶ ከመተማመን ይልቅ የተቆረጠበትን ጫፍ ይመልከት።

በድሬዳዋና በሌላውም ቆላ የሚበቅለው ኒም በፍሬው ውስጥ ነፍሳትን መብል የሚያስጠላ አዛዲራክቲን አለው። ለአትክልት ተባይ እንደተለመደው፥ ግማሽ ኪሎ የደረቀና የተወቀጠ ፍሬ በ10 ሊትር ውኃ አሳድሮ ማጥለል ነው። የብርብራ ፍሬም ሮቴኖን አለበት፤ ዓሣ የሚያሰክሩበት ይኸው ነው። ስለዚህ «የዕፅ ነገር ጉዳት የለውም» የሚሉትን አንቀበልም፤ ከምንጭ አጠገብ አይፍሰስ፥ ልጆችም አይንኩት።

እነዚህ ሁሉ ምስጡን ያርቁታል እንጂ ከነንግሥቱ አያጠፉትም። ሽታው ሲከለክለው ዞሮ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ በምሰሶው ዙሪያ ስንዝር የምታህል ክፍተት ብትቀር በዚያች ይገባል። ፀሐይና ዝናብም ኀይላቸውን ቶሎ ስለሚያደክሙት ደጋግሞ ማፍሰስ ያስፈልጋል። አልድሪንና ዲልድሪን የተባሉት መርዞች የተወደዱት በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ የተወሰነውም መቆየታቸው ሰውንና እንስሳን ስለ ጎዳ ነው።

እንግዲህ የዕፁን ውኃ ብቻ ተማምኖ መተኛት አይገባም። ምሰሶው በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ የጣራው ፍሳሽ ከግድግዳው ይራቅ፤ የእንጨት ፍቅፋቂና ግንድ በቤቱ ሥር አይከማች። በየሳምንቱ ግድግዳውን ዞሮ የጭቃውን መስመር ማፍረስ ለልጆች የሚሰጥ ሥራ ነው። የብራና መጽሐፍና የተማሪ ደብተር ያለበት ሣጥን ደግሞ ከግድግዳው ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ፥ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎለት ይቀመጥ።