የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ያነበብነውን በየወሩ ስለ መመዝገብ



በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው ገበሬ በቆሎውንና ዳጉሳውን ሰፍሮ ወደ ጎተራው እንደሚያገባ ሁሉ፣ አንባቢም በወሩ ውስጥ ወደ ልቡናው ያገባውን ቃል ሊሰፍርና ሊቈጥር ይገባዋል ብለን ስለምናምን፣ ይህን ዕትም የግል ንባብን በየወሩ ስለ መመዝገብ ለሚናገሩ ጽሑፎች መድበነዋል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አበው የየዕለቱን ምንባብ በግጻዌ ወስነው፣ የቅዱሳንንም ዜና ከመስከረም 1 ቀን እስከ ጳጕሜን ፍጻሜ በስንክሳር ደልድለው አቆይተውልናል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመዋል። ግጻዌ ሊነበብ የሚገባውን አስቀድሞ ያመለክታል፤ የወር መዝገብ ግን የተነበበውን ኋላ ይመሰክራል። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤት ያደገ ሊቅ የተማረውን በቃሉ ይዞ ይኖራል፤ እንዲህ ያለ ጽኑ የማስታወስ ኃይል ላልተሰጠን ለእኛ ግን ብራናችን ደብተር ነው።

በወሩ መጨረሻ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም፣ ንባቡ የተፈጸመበትን ቀን፣ ከልብ የቀረውንም አንድ አሳብ ማስፈር ይበቃል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጣትነቱ ያነበበ ሰው በሽምግልናው ደግሞ ቢያነበውና ሁለቱን ማስታወሻዎቹን ቢያስተያይ፣ የገዛ ነፍሱን ጉዞ ይመለከትበታል። ምንም ያልተነበበበት ወር ቢኖር ባዶነቱ ይመዝገብ፤ እርሱም ተግሣጽ ነውና።

ንባባችሁ ፍኖተ ሰላም ይሁንላችሁ።

አዘጋጁ