ባዶ ሕዋስና ዜሮ፦ ስለ ተጠናቀቀ የመረጃ ዝውውር ዝርዝር

በሰሜን አዲስ አበባ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ብዙ ሰው ዛሬም በቀድሞ ስሙ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ሰፈር፣ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ከመላ አገሪቱ በየሳምንቱ የሚሰበሰበው የበሽታዎች ቅኝት ሪፖርት መድረሻው ይህ ተቋም ነው። ሪፖርቱ ከጤና ኬላ ተነሥቶ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል ያልፋል፤ የሚሸፍነውም ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ሳምንት ነው። ከቅኝት ሥርዓቱ ደንቦች መካከል ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው አንዱ ነው። በሳምንቱ ውስጥ አንድም የኩፍኝ ታማሚ ያላየ የጤና ተቋም ማየት አለማየቱን በዜሮ ማስታወቅ ይጠበቅበታል፤ ዝም ማለት አይፈቀድለትም። «ዜሮ ሪፖርት» የሚባለው ይህ ነው። ቅኝቱ የተሟላ ነው ለመባልም ሪፖርት ከሚጠበቅባቸው ተቋማት ቢያንስ 80 በመቶው መላክ አለባቸው።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች የተረዱት ነገር ለማንኛውም ተመራማሪ ግልጽ ነው። ዜሮ የላከ ወረዳ በሽታው እንዳልታየ መስክሯል፤ ያልላከ ወረዳ ግን ስለ በሽታው ምንም አልተናገረም። ይህ ልዩነት በወረቀቱ ዘመን ተጠብቆ ኖሯል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የገቢ ደብዳቤዎችን መዝገብ ገልጦ የትኛው ወረዳ እንዳልላከ በጣቱ ሊያሳይ ይችል ነበር። አሁን የሚያሳስበው መረጃው በኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሳብ ይኸው ልዩነት በድብቅ የሚጠፋ መሆኑ ነው። የሚጠፋውም ብዙውን ጊዜ በጤና ጣቢያውም በወረዳውም ዘንድ ሳይሆን በመጨረሻው እርከን፣ በተንታኙ ላፕቶፕ ላይ ነው።

የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ለመደበኛ የጤና መረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ ቱ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተሠራና በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠርም መሥራት የሚችል ሥርዓት ነው። እንዲህ ካለው ቋት መረጃ በሰው እጅ እየተገለበጠ አይወሰድም፤ ተመራቂው ተማሪ በአር፣ በፓይተን ወይም በፒኤችፒ አጭር ስክሪፕት ጽፎ በኢንተርኔት ይስበዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪፕቱ ሥር ሆኖ ሥራውን የሚሠራው ሊብከርል የተባለው የፕሮግራም ላይብረሪ ነው። የአር «ከርል» እና «ኤችቲቲአር» ጥቅሎች፣ የፓይተን «ፓይከርል»፣ የፒኤችፒ «ከርል» ቅጥያ ሁሉም በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸው። ላይብረሪውን የሚመራው ስዊድናዊው ዳንኤል ስተንበርግ ነው። የጀመረውም ለውይይት መስመር ሮቦት የውጭ ምንዛሬ ተመን ከኢንተርኔት ለማምጣት ሲል ነበር፤ ፕሮግራሙ «ከርል» የሚለውን ስም የያዘው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ላይብረሪው የተለቀቀው በ2000 ነው። ምንዛሬ ለማየት የተሠራ መሣሪያ ዛሬ የኩፍኝ ቁጥር ይሸከማል።

ሊብከርል አንድ ዝውውር ሲያበቃ ሁለት ነገር ይሰጣል። የመጀመሪያው የመመለሻ ቁጥሩ ነው፤ 0 ከሆነ ዝውውሩ በላይብረሪው በኩል ያለ ስሕተት ተፈጽሟል፣ 6 ከሆነ የሰርቨሩ ስም ወደ አድራሻ ሊተረጎም አልቻለም፣ 7 ከሆነ ግንኙነቱ አልተፈጠረም፣ 28 ከሆነ የተሰጠው ጊዜ አልቋል። ሁለተኛው ካልተጠየቀ የማይናገር ዝርዝር ነው። ይህንን ዝርዝር የሚያወጣው ተግባር «ከርል ኢዚ ጌትኢንፎ» ይባላል። የሰርቨሩን የመልስ ቁጥር፣ የወረደውንና የተላከውን ባይት ብዛት፣ ሰርቨሩ አስቀድሞ ያስታወቀውን ርዝመት፣ የይዘቱን ዓይነት፣ ጥያቄው በመጨረሻ ያረፈበትን አድራሻ፣ እያንዳንዱ የዝውውሩ ደረጃ የተጠናቀቀበትን ጊዜ ሁሉ ይመልሳል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። የመመለሻ ቁጥሩ 0 መሆኑ ሰርቨሩ የተጠየቀውን ሰጥቷል ማለት አይደለም። ሰርቨሩ ተጨናንቆ በ503 «አሁን አገልግሎት የለም» ብሎ ቢመልስ፣ ወይም ገጹ የለም ሲል 404 ቢልክ፣ ላይብረሪው የስሕተቱን ገጽ በሚገባ ተቀብሎ 0 ይመልሳል፤ እንዲህ ያለውን መልስ እንደ ስሕተት እንዲቆጥር በግልጽ ካልታዘዘ በቀር። በላይብረሪው በኩል ሲታይ ይህ ትክክል ነው። የታዘዘው እንዲያደርስ ነበር፤ አድርሷል። የደረሰው ምን እንደሆነ መጠየቅ የላኪው ፈንታ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ተማሪ የ30 ወረዳዎችን የአንድ ዓመት ሳምንታዊ የኩፍኝ ቁጥር ለመመረቂያ ጽሑፉ ይፈልጋል እንበል። በየወረዳውና በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ቢልክ 1560 ዝውውሮች ይሆናሉ። ስክሪፕቱ አንድ መያዣ ከፍቶ ሁሉንም በተከታታይ ይስባል። ከመካከላቸው 40ዎቹ ሰርቨሩ በተጨናነቀበት ሰዓት በ503 ይመለሳሉ። የመጣው ጽሑፍ የሚጠበቀው ሠንጠረዥ ስላልሆነ አይነበብም፤ ተማሪው ግን ስክሪፕቱ በመንገድ እንዳይቆም ብሎ የማይነበበውን እንዲያልፍ አዝዞታል። 40 ባዶ ሕዋሳት ይፈጠራሉ። በኋላም ድምር ሲሠራ ባዶዎቹ እያስቸገሩት «ባዶውን በዜሮ ተካ» የሚል አንድ መስመር ይጨምራል። ከዚያ ወዲያ በካርታው ላይ ኩፍኝ የሌለባቸው የሚመስሉ ወረዳዎች ይታያሉ። በወረዳው ያለው ባለሙያ ግን ሪፖርቱን በሰዓቱ ልኮ ነበር፤ ምናልባትም ዜሮ ያልሆነ ቁጥር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም። ተማሪው ቆይቶ ቢጠራጠርና የዝውውሩን ዝርዝር ቢጠይቅ እንኳ መልስ አያገኝም፤ ምክንያቱም በአንድ መያዣ ላይ አዲስ ዝውውር ሲጀመር የቀድሞው ዝርዝር በአዲሱ ይተካል። ከ1560ው በኋላ «ጌትኢንፎ» የሚናገረው ስለ መጨረሻው ብቻ ነው፤ የ1559ኙ ጠፍቷል። መያዣው ከተዘጋ ደግሞ የመጨረሻውም አይገኝም። ስለዚህ ዝርዝሩ መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ዝውውር እንዳበቃ፣ ቀጣዩ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ የተገኘውም ወደ ፋይል መጻፍ አለበት። ሥራው በአብዛኞቹ ቋንቋዎች ከአራት ወይም ከአምስት መስመር አይበልጥም።

ላይብረሪውን የሠሩት ሰዎች የዜሮንና የባዶን ልዩነት ከጉለሌ ባለሙያዎች ባልተናነሰ እንዳሰቡበት ማስተዋል ይገባል። ሰርቨሩ የይዘቱን ርዝመት ካላስታወቀ «ጌትኢንፎ» ለርዝመቱ የሚመልሰው 0 ሳይሆን −1 ነው፤ «አይታወቅም» ማለት ነው። ባዶ ፋይል ግን 0 ነው። የፋይሉ የመጨረሻ ማሻሻያ ጊዜም ካልታወቀ −1 ይመለሳል። በመልስ ቁጥሩ ላይ ደግሞ ልማዱ ይገለበጣል፤ 0 ማለት ከሰርቨሩ ምንም የመልስ ቁጥር አልመጣም ማለት ነው። እነዚህን ምልክቶች ወደ አንድ ዓምድ ጨምቆ «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» ብሎ የሚጽፍ ስክሪፕት በጥንቃቄ የተለየውን መልሶ ይደባልቃል። የተለመደው ሰበብ «ውጤቱ እንዲያምር» የሚል ነው፤ ለተመራማሪ ደካማ ሰበብ ነው።

ርዝመቱ ሲታወቅ ላይብረሪው ራሱ ያመሳክራል። 100 ሺህ ባይት ይመጣል ተብሎ 60 ሺህ ላይ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ቁጥር 18 ይመለሳል፤ ፋይሉ ጎድሏል ማለት ነው። ርዝመቱ ያልተነገረ እንደሆነ ግን፣ በተለይ የግንኙነቱ መዘጋት የፋይሉ መጨረሻ ተደርጎ በሚቆጠርባቸው አሮጌ ሰርቨሮች፣ የጎደለ ፋይል ሙሉ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ዕለታዊ ጉዳይ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የወረደውን ባይት ብዛት ከአጎራባች ሳምንታት ጋር ማስተያየት ብቻውን ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ከተመዘገበ።

የጊዜ ዝርዝሮቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባሉ። ስም የተፈለገበት፣ ግንኙነት የተፈጠረበት፣ የምስጠራው ስምምነት ያለቀበት፣ የመጀመሪያው ባይት የደረሰበት ጊዜ ሁሉም የሚቆጠሩት ከዝውውሩ መነሻ ነው። በመሆኑም አይደመሩም፤ የአንዱ ደረጃ ርዝመት የሚገኘው የፊተኛውን ከኋለኛው በመቀነስ ነው። አንድ ዝውውር 30 ሰከንድ ፈጅቶ ግንኙነቱ የተፈጠረው በ28ኛው ሰከንድ ከሆነ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ግንኙነቱ በግማሽ ሰከንድ ተፈጥሮ የመጀመሪያው ባይት በ29ኛው ከመጣ ግን ቋቱ ጥያቄውን ለማስላት ዘግይቷል፤ ጥያቄውን ማሳነስ ይረዳል። «ኔትወርክ የለም» የሚለው ያገር ምክንያት ምን ያህል ጊዜ እውነት እንደሆነ በዚህ መንገድ ሊለካ ይችላል። የቀድሞው ግንኙነት እንደገና ሲሠራበት የግንኙነት ጊዜው ወደ 0 ስለሚቀርብ፣ አዲስ የተከፈቱ ግንኙነቶችን ብዛትም አብሮ መመዝገብ ያሻል። በፓይተን «ሪኴስትስ» የተባለውን ጥቅል የሚጠቀሙ ደግሞ ጥቅሉ በሊብከርል ላይ ያልቆመ መሆኑን፣ «ኢላፕስድ» የሚለው ልኬቱም የመልሱ ራስጌ እስኪነበብ ድረስ ያለውን ጊዜ እንጂ ይዘቱ ወርዶ እስኪያልቅ ያለውን እንደማይለካ ማወቅ አለባቸው።

ይህ ሁሉ የቴክኒክ ጥቃቅን ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚ በዚህ ሊደክም አይገባም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መልሱ ከቅርብ ዓመታት ይገኛል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ መቋረጡ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቀጥሏል፤ ጊዜው የኮቪድ ወረርሽኝ የተስፋፋበት ነበር። በትግራይም በጦርነቱ ዓመታት የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። የእነዚህን ወራት መረጃ ዛሬ የሚስብ ተማሪ ክፍተቱን ያውቀዋል፤ ከ20 ዓመት በኋላ የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ ብቻ የሚያገኝ ግን ባዶው ቦታ የተፈጠረው ጤና ኬላው ስላልላከ፣ መስመሩ ስለተዘጋ፣ ወይስ የተማሪው ስክሪፕት 503 ተቀብሎ ስላለፈ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም። ሦስቱ ምክንያቶች ሦስት የተለያዩ የስታቲስቲክስ አያያዞችን ይሻሉ። ሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ መኖር ያልነበረበት ነው፤ እንደገና በመሳብ ይድናል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። የዝውውር ዝርዝር ስለ ቋቱ ውስጥ አይናገርም። ወደ ዲኤችአይኤስ ቱ መረጃ የሚልክ ሰው ሁሉም ባይት ተልኮ፣ መልሱም ደርሶ፣ የተወሰኑት ቁጥሮች ግን ባለመቀበል ሊታለፉ ይችላሉ፤ ስንቱ እንደገባ፣ ስንቱ እንደታደሰ፣ ስንቱ እንደተዘለለ የሚናገረው በመልሱ ይዘት ውስጥ ያለው ማጠቃለያ ነው። እውነት ነው። ስለዚህ ለላኪ ማጠቃለያውም አብሮ መቀመጥ ይኖርበታል። ለሳቢ ግን ያለ ዝውውር ዝርዝር የሚጀመር ማረጋገጫ የለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ጉዳይ ምስጢር ነው። ጥያቄው ያረፈበት አድራሻ የመግቢያ ቁልፍ ወይም የታካሚ መለያ ሊይዝ ይችላል፤ እንዳለ ከጽሑፉ ጋር ማኖር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር አይቻልም። ከአድራሻው የጥያቄውን ክፍል ቆርጦ፣ የወረዳውንና የሳምንቱን መለያ ብቻ መተው ይበቃል።

የድኅረ ምረቃ ክፍሎች ሊጠይቁ የሚገባቸው ብዙ አይደለም። ከኢንተርኔት በተሳበ መረጃ ላይ የቆመ ማንኛውም መመረቂያ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ዝውውር አንድ መስመር የያዘ ፋይል ያያይዝ፤ በመስመሩም የተሳበበት ቀንና ሰዓት፣ የላይብረሪው የመመለሻ ቁጥር፣ የሰርቨሩ የመልስ ቁጥር፣ የይዘቱ ዓይነት፣ የታወጀውና የወረደው ባይት፣ ጠቅላላ ጊዜውም ይስፈር። ሰዓቱ ሲጻፍ የኢትዮጵያ ይሁን የግሪንዊች መገለጹ አይዘንጋ፤ ሰኞ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቆይቶ የገባ ሪፖርት በግሪንዊች አቆጣጠር እሑድ ማታ ሆኖ ሊቆጠር ይችላልና። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ፋይሉ 1560 መስመር ይኖረዋል። 503 ያለባቸውን 40ዎቹን ለይቶ ሰርቨሩ በሚያርፍበት ሌሊት እንደገና መሳብ የአንድ ማምሻ ሥራ ነው።