መሣሪያው ሳይገዛ መጋዘኑ ይመርመር

ቆጥሮ መስጠትና ቆጥሮ መቀበል ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ወግ ነው። በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥርና በመደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ያልተስማሙ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ገንዘቡን፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኀላፊም ስሙን ያጣል። ብዙ ጊዜም ጉድለቱ የመጣው በስርቆት ሳይሆን በጽሕፈት ስሕተት ሆኖ ሳለ፣ በርክክቡ ወረቀት ላይ የፈረመው ሰው ዕዳውን ይሸከማል። ስለዚህ የቆጠራን ሥራ የሚያቃና መሣሪያ መምረጥ ለነጋዴው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በእጅ የሚያዘው የባርኮድ ማንበቢያ፣ በተለምዶ ስካነር የሚባለው፣ ዛሬ በየሱቁና በየመጋዘኑ ይታያል። ኖርማን ጆሴፍ ዉድላንድና በርናርድ ሲልቨር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ለባርኮድ የፈጠራ መብት የተቀበሉት በ1952 እ.ኤ.አ. ነበር። ሆኖም የዛሬው የሸቀጥ ባርኮድ በመደብር ውስጥ መጀመሪያ የተነበበው በ1974 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት በትሮይ ከተማ ሲሆን፣ የተሸጠውም ዕቃ አንድ እሽግ ማስቲካ ነው። በመካከሉ 22 ዓመት ያለፈው፣ ለሥራው የሚበቃ የሌዘር ብርሃንና ኮምፒዩተር፣ ደግሞም አምራቾችና ነጋዴዎች በአንድነት የሚስማሙበት የቁጥር ሥርዐት እስኪገኝ ድረስ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ከመሣሪያው አስቀድሞ ሥርዐቱ መስተካከል እንዳለበት ነው።

አንዳንድ ነጋዴ ግን ይህን ዘንግቶ፣ መሣሪያው ተገዝቶ ሲገባ የመጋዘኑ ችግር ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚወገድ ይመስለዋል። ነገር ግን በሸቀጡ ላይ የታተመው ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ የያዘው ቁጥርን ብቻ ነው፤ የዕቃው ስም፣ ዋጋውና ብዛቱ የሚገኙት በነጋዴው መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡ የተበላሸ እንደ ሆነ፣ መሣሪያው ስሕተቱን በፍጥነት ያበዛዋል እንጂ አያርመውም። ለምሳሌ የካርቶኑ ቁጥርና በውስጡ ያለው የእሽጉ ቁጥር ተለይተው ካልተመዘገቡ፣ 24 እሽግ የያዘው ካርቶን እንደ አንድ እሽግ ሊቆጠር ይችላል።

መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የሚነበበው ምልክት ምን ዐይነት ነው የሚለው ነው። በሌዘር የሚሠራው መሣሪያ የመሥመር ምልክቶችን ብቻ ያነባል፤ እንደ ካሜራ ሥዕል እያነሣ የሚሠራው ግን፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ከሆነ፣ የመሥመሩንም፣ እንደ ኪው አር ኮድ ያለውን ባለ አራት ማዕዘን ምልክትም ያነባል። ሳሙናና ብስኩት ለሚሸጥ ባለሱቅ የመጀመሪያው ሊበቃው ይችላል። መድኃኒት አስመጪ ግን ሌላ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ላይ ባለ አራት ማዕዘኑ ምልክት ግዴታ ሆኗልና። ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲል ሌዘሩን የሚመርጥ አስመጪ ሁለት ጊዜ መግዛቱ የማይቀር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሥራው ቦታ ነው። የቡናና የሰሊጥ መጋዘን አቧራ አያጣውም፤ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ስለሆነም መሣሪያው ከምን ያህል ከፍታ ቢወድቅ እንደሚችል መጠየቅ ይገባል። አይ ፒ በሚባለው መለያ የመጀመሪያው አኃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን የመከላከል ዐቅሙን ያመለክታል፤ አይ ፒ 65 አቧራ ፈጽሞ የማያስገባ ሲሆን፣ አይ ፒ 54 ግን ጥቂት ሊያስገባ ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ መሣሪያው ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ባለገመዱ ይበቃል፤ በሰፊ መጋዘን ውስጥ ግን ገመድ የሌለው ያስፈልጋል። መብራት በሚጠፋበትና የኔትወርክ መሥመር በሚቋረጥበት ስፍራ ደግሞ፣ ያነበበውን በራሱ ውስጥ የሚያስቀምጥና ትርፍ ባትሪ ያለው ይመረጣል። ከዚህም በቀር ብዙዎቹ መሣሪያዎች ራሳቸውን ለኮምፒዩተሩ እንደ ቁልፍ ሰሌዳ አድርገው ያቀርባሉ፤ በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በአማርኛ መጻፊያ ላይ ከሆነ፣ በባርኮዱ ውስጥ ያሉት የላቲን ፊደላት ተለውጠው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ይህ አስቀድሞ ካልታየ፣ በመዝገቡ ላይ የሚገኘው ማንም የማያውቀው የዕቃ መለያ ነው።

በቀን ጥቂት ዕቃ ለሚቀበል ሱቅ የእጅ ስልክ ካሜራ ይበቃዋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አሳባቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሥራው የማያስፈልገውን መሣሪያ መግዛትም ኪሳራ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ጆንያና ካርቶን ለሚቆጥር ሠራተኛ ስልክ በየጊዜው ከፍቶ ማነጣጠር ሥራውን ያጓትትበታል።

እንግዲህ አስተዋይ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ከገዛ መጋዘኑ የተቀደደውን፣ የደበዘዘውንና በላስቲክ የተሸፈነውን ምልክት ሰብስቦ በሻጩ ፊት ያስነብብ። መሣሪያውንም ለጥቂት ቀን በሙከራ ተቀብሎ፣ ለባለቤቱ ሳይሆን ዕለት ዕለት ለሚሠራበት ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ይስጠው፤ ፍርዱንም ከእርሱ ይስማ። ጉድለት በተገኘ ጊዜ የሚጠየቀው ያ ሰው ነውና፣ በምርጫው ጊዜም ሊጠየቅ ይገባዋል።