ሥራው የጎደለው የስደት ጽሑፋችን

ስለ ስደት የምንጽፈው ግጥምም ሆነ ወግ ናፍቆት ይበዛበታል። እንባው፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ስንብት፣ የእናት ድምፅ በስልክ። ስደተኛው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን እምብዛም አናነብም። ይህ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው።

በዱባይ የቅንጦት ሆቴል የሚሠራን የጥገና አስተባባሪ እናስብ። ካቻቢቴ አይጨብጥም፤ መሣሪያው ስልክና መዝገብ ነው። እንግዳው «ክፍሉ አልቀዘቀዘም!» ብሎ ሲቆጣ፣ ቁጣውን አጣርቶ የክፍል ቁጥር፣ ሰዓትና የችግር ዓይነት ብቻ ያስቀራል (ከዚህ የላቀ የአርትዖት ሥራ ወዴት ይገኛል?)። ማንም ያላደረባቸውን ክፍሎች ቧንቧ በየሳምንቱ እያስከፈተ ውኃውን ያስፈስሳል፤ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ለብ ያለ ውኃ ሳንባን የሚያጠቃውን ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ያራባልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀትሩ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት በሆነበት ወራት የዚያ አገር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ደግሞ ሰዓት መርጦ አይበላሽም። ከታች እንግዳው ይጮኻል፤ አለቃው ይደውላል፤ ቴክኒሻኑ መሰላሉ ሥር ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል። አስተባባሪው ለማን ምን ብሎ ይመልሳል? «ቆይ» የሚለውን ቃል ለማውጣት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቀው ይሆን? የመኖሪያ ፈቃዱ እኮ በአሠሪው እጅ ነው።

ከእናንተ መካከል በዚያ ወንበር የተቀመጠ ካለ፣ ናፍቆቱን ለጊዜው አቆይቶ የአንዲቱን ቀትር የስልክ ምልልስ ይጻፍልን።